ካቡን ማን ይጠብቀው? በኮሎምቢያ ወንዝ አፍ ላይ የሚካሄደው የድንጋይ ሥራ

በሰሜን አሜሪካ ምዕራብ ዳርቻ፣ የኦሪገንና የዋሽንግተን ግዛቶች በሚዋሰኑበት ቦታ፣ ኮሎምቢያ ወንዝ ሁለት ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ከሰላማዊ ውቅያኖስ ጋር ይጋጠማል። በመጋጠሚያው ግራና ቀኝ ከየብስ ተነሥተው ባሕሩ ውስጥ የሚዘልቁ ግዙፍ የድንጋይ ካቦች አሉ፤ የወደብ ሰዎች ጀቲ ይሏቸዋል። እ.ኤ.አ. ከ2010ዎቹ አጋማሽ ወዲህ (የዚህ ጽሑፍ ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ኤክስካቫተሮች በየበጋው ካቦቹ ጀርባ ላይ እየወጡ፣ አንዳንዱ ከሙሉ ሲኖትራክ ጭነት የሚከብድ ድንጋይ በብረት ጥፍራቸው እየጨበጡ፣ እያዞሩና እየሞከሩ ቦታ ሲያስይዙ ቆይተዋል። ሥራውን የሚመራው የአሜሪካ ጦር ሠራዊት የመሐንዲሶች ኮር ነው። ከሩቅ ለሚያየው ትልቅ ግንባታ ይመስላል። ቀርቦ ለመረመረው ግን ለብዙ ዓመታት ሳይከፈል የከረመ የጥገና ዕዳ ነው፤ በከረመ ቁጥርም ወለዱ ወለድ የወለደ ዕዳ። ካቡን እንደገና መደርደሩ ትክክለኛ ውሳኔ እንደነበር አምናለሁ። ይሁንና ከድንጋዩ እኩል የሚያስፈልገው፣ ማሽኖቹ ከወረዱ በኋላ ካቡን በየዓመቱ የሚያይ ዓይንና የተናጋውን የሚያቃና እጅ ነው። ይህ ሁለተኛው ነገር ዛሬም የሚንጠለጠለው በየዓመቱ በሚለመን በጀት ላይ ነው።

የቦታውን ባሕርይ ሳይረዱ ስለ ካቡ መፍረድ አይቻልም። ኮሎምቢያ በዓመት ወደ ባሕር የሚያፈሰው ውሃ፣ ዓባይ የኢትዮጵያን ድንበር ሲሻገር በአማካይ ከሚይዘው 49 ቢሊዮን ሜትር ኩብ አምስት እጥፍ ገደማ ነው። ይህ ሁሉ ውሃ ተሸክሞ ያመጣው አሸዋ በወንዙ አፍ ላይ ተከምሮ ደፍ ሠርቷል። ባሕሩ ሲጎድል ወንዙ በሙሉ ኃይሉ ወደ ውጭ ይወጣል፤ ከሩቅ ማዕበል የተወለደው የውቅያኖስ ሞገድ ደግሞ ወደ ውስጥ ይገፋል። ሁለቱ ጥልቀቱ በሚያንስበት ደፍ ላይ ሲጋጠሙ ሞገዱ ያጥራል፣ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ይሰበራል። አሜሪካዊው ካፒቴን ሮበርት ግሬይ በግንቦት 1792 ኮሎምቢያ በተባለች መርከቡ ደፉን አልፎ ከገባና ወንዙን በመርከቢቱ ስም ከጠራ ወዲህ፣ በዚህ አካባቢ ሁለት ሺህ ያህል ትልልቅና ትንንሽ መርከቦችና ሰባት መቶ ያህል ሰዎች እንደጠፉ ይነገራል። ባሕረኞች ስፍራውን የፓስፊክ መቃብር ብለው የጠሩት ለማስፈራራት ብለው አይደለም። ዛሬም ቢሆን ማንኛውም የውጭ ንግድ መርከብ ደፉን የሚያልፈው፣ በጀልባ ወይም በሄሊኮፕተር ተሳፍሮ መሪውን የሚረከብ የአካባቢው ልዩ ፓይለት ሲኖር ብቻ ነው።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ የመጡት መሐንዲሶች ያሰቡት ነገር እስካሁን ያስደንቃል። አሸዋውን በሰው ጉልበት ከመጥረግ ይልቅ ወንዙ ራሱን በራሱ እንዲጠርግ ማድረግ ፈለጉ። የተፈጥሮው አፍ አሥር ኪሎ ሜትር ያህል ይሰፋ ስለነበር ውሃው ተበትኖ፣ ተዳክሞ፣ መንገዱን በየክረምቱ እየቀያየረ ነበር የሚወጣው። በሁለት ካቦች መካከል ቢጠብ ፍጥነት ያገኛል፤ ፍጥነት ያገኘ ውሃ ደግሞ አሸዋውን ይቆፍራል፣ ቆፍሮም ወደ ጥልቁ ይወስዳል። የደቡቡ ጀቲ በ1885 ተጀመረ። በእንጨት ምሰሶ ላይ የባቡር ሐዲድ ዘርግተው፣ ድንጋይ የጫኑ ፉርጎዎችን እየገፉ በሁለቱም በኩል ወደ ባሕሩ ይገለብጡ ነበር። የመጀመሪያው ምዕራፍ በ1895 አለቀ፤ በቂ ሆኖ ስላልተገኘም ካቡ ተራዝሞ በ1913 ወደ አሥር ኪሎ ሜትር ተኩል ደረሰ። አራት ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝመው የሰሜኑ ጀቲ በ1917፣ ከሦስቱ አጭር የሆነውና ጀቲ ኤ የተባለው በ1939 ተጠናቀቁ። አሳቡ ሠራ። ዛሬ ውቅያኖስ አቋራጭ መርከቦች በዚህ በር ገብተው 170 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ላይ በመውጣት ፖርትላንድ ድረስ ይዘልቃሉ።

ችግሩ የጀመረው አሳቡ ከመሥራቱ ጋር አብሮ ነው። ጀቲው ወንዙን ሲያፈጥነው ከደፉ የተጠረገው አሸዋ ከካቦቹ ውጭ ተከመረ። በካቦቹ ሥር የነበሩት የአሸዋ ሜዳዎችም ለጊዜው ሰፉ። ይህ አሸዋ ለካቡ መሠረትም ጋሻም ነበር፤ ከባሕሩ የሚመጣውን ሞገድ ካቡ ዘንድ ሳይደርስ ጉልበቱን ይሰብረው ነበርና። ውሎ አድሮ ግን ያው ፈጣን ውሃና ያው ሞገድ ክምሩን እየበሉት ሄዱ። በወንዙ ላይ በ1938 ቦንቪል፣ በ1942 ግራንድ ኩሊ፣ ከዚያም ሌሎች ግድቦች ሲጨመሩ የጸደዩ ጎርፍ ተገራ፤ ወንዙ ወደ አፉ የሚያመጣው አሸዋም ቀነሰ። አሸዋው ሲሸሽ ውሃው ጠለቀ፤ ውሃው ሲጠልቅ ትልቁ ሞገድ ሳይሰበር እስከ ካቡ መድረስ ቻለ፤ የካቡ ግርጌም ከሥሩ ተቦረቦረ። የደቡቡ ጀቲ ጫፍ ከተሠራበት ቦታ 1.8 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ኋላ ተመልሷል። ከአሥር ኪሎ ሜትሩ ውስጥ ይህን ያህሉ ዛሬ ከውሃ በታች የተበተነ ድንጋይ ነው። የሰሜኑም ከ600 ሜትር በላይ አጥሯል።

ይህ ሁሉ ሲሆን ሰዎቹ ምን ያደርጉ ነበር? በ1930ዎቹ ሰፊ ጥገና ተደርጓል። ከዚያ በኋላ ግን ክፍተቱ እየረዘመ መጣ። የሰሜኑ ጀቲ በ1965 ከተጠገነ በኋላ እስከ 2005 ድረስ አርባ ዓመት ቆየ። የደቡቡ በ1982 ከተነካ በኋላ በ2006 እና በ2007 ነው ጊዜያዊ ጥገና ያገኘው። በእነዚህ ዓመታት ካቡ ቆሞ ይታይ ስለነበር፣ መርከቦችም ያልፉ ስለነበር፣ ገንዘቡ ሁልጊዜ ይበልጥ አጣዳፊ ወደሚመስል ነገር ሄደ። አበው ሳይቃጠል በቅጠል የሚሉት ምክር ሰሚ ያጣው በድህነት ምክንያት አይደለም፤ አገሪቱ ከማንም በላይ ገንዘብ ነበራት። ያጣችው ቀስ ብሎ የሚመጣን ጉዳት እንደ ጉዳት የሚቆጥር አሠራር ነው።

መዘግየት እንዲህ የሚያስከፍለው ለምን እንደሆነ ከድንጋዩ ሒሳብ መረዳት ይቻላል። በሚሲሲፒ ግዛት ቪክስበርግ ከተማ በነበረው የኮሩ የውሃ ምርምር ጣቢያ ሮበርት ሃድሰን የተባለው መሐንዲስ በ1950ዎቹ ያወጣው ስሌት ዛሬም የዘርፉ ፊደል ነው። በዚህ ስሌት ሞገዱን ተቋቁሞ ለመቆም ድንጋዩ የሚያስፈልገው ክብደት ከሞገዱ ከፍታ ኪዩብ ጋር ይሄዳል። የሞገዱ ከፍታ በእጥፍ ቢጨምር ድንጋዩ ስምንት እጥፍ መክበድ አለበት። አንድ አሥረኛ ብቻ ቢጨምር እንኳ ክብደቱ በሢሶ ይጨምራል። እንግዲህ በካቡ ፊት ያለው አሸዋ ሲጠፋና የሚደርሰው ሞገድ በመጠኑ ሲያድግ፣ ትናንት በቂ የነበረው ድንጋይ ዛሬ ቀላል ይሆናል። ድንጋዩ ራሱ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ከፊቱ የቆመው ባሕር ነው። ስለዚህ ሃያ ዓመት የዘገየ ጥገና ሃያ ዓመት ሙሉ የተቆጠበ ገንዘብ ተደርጎ ሊታይ አይገባም። የወደቀውን ድንጋይ በእኩያው የመተካት ዕድል ያመልጣል፤ በምትኩ ከበፊቱ የሚከብድ፣ ከሩቅ ካባ ተፈልፍሎ የሚመጣ፣ ለማንሣትም ሌላ ማሽን የሚጠይቅ ድንጋይ ያስፈልጋል። በካቡ ጫፍ ላይ ከሚቀመጡት መካከል ከ30 ቶን የሚያልፉ አሉ።

ያው ስሌት ሌላም ነገር ያስተምራል፤ የዛሬውን ሥራ ከ1885ቱ የሚለየውም ይኸው ነው። በቀመሩ ውስጥ የድንጋዩ አቀማመጥ ራሱን የቻለ ቁጥር አለው። ተገልብጦ እንደ ወደቀ የቀረ ድንጋይና፣ ረጅም ጎኑ ወደ ካቡ ውስጥ ገብቶ ከጎረቤቶቹ ጋር የተቆላለፈ ድንጋይ ክብደታቸው አንድ ቢሆንም አቅማቸው አንድ አይደለም። ካብ የካበ ገበሬ ይህን ያለ ቀመር ያውቀዋል፤ ድንጋይ ፊት እንዳለው፣ ወገብ እንዳለው፣ የሚነቃነቅ ድንጋይም ሌላውን ይዞ እንደሚወርድ። ከባቡር ፉርጎ የተገለበጠ ድንጋይ ይህን ዕድል አላገኘም። በኋላ የመጣው ክሬንም ድንጋዩን በገመድ አንጠልጥሎ ያወርዳል እንጂ ገፍቶ፣ አዙሮ፣ ተጭኖ ማስቀመጥ አይችልም፤ ነፋስ ሲነሣም ጭነቱ ይወዛወዛል። ከመቶ ቶን በላይ የሚመዝን ኤክስካቫተር ግን ድንጋዩን በጥፍሩ ጨብጦ ማገላበጥ ይችላል። ካስቀመጠው በኋላ በክንዱ ተጭኖ ይነቃነቅ እንደሆነ ይፈትናል፤ ካልተመቸው አንሥቶ ሌላ ጎኑን ይሞክራል። በክንዱ ላይ ያለው የሳተላይት መለኪያም ከውሃ በታች ያለውን የካቡን ቅርጽ ለኦፕሬተሩ በስክሪን ያሳየዋል። ስለዚህ የማሽኑ ትልቅ ጥቅም ጉልበቱ ሳይሆን ለአንድ ድንጋይ የሚሰጠው ትኩረት ነው ብል ማጋነን አይሆንም። በአንድ ቀን የሚቀመጠው ድንጋይ ቁጥሩ ጥቂት ነው፤ ጥቂት መሆኑም ትክክል ነው።

ማሽኑ ወሰንም አለው። ክንዱ በተዘረጋ ቁጥር የሚያነሣው ክብደት ይቀንሳል፤ ስለዚህ ከባዱን ድንጋይ ሩቅ ለማድረስ አንድም ማሽኑን ማሳደግ፣ አንድም ክሬን መጨመር ግድ ይላል። ከዚህ በላይ ደግሞ እዚያ ለመድረስ መንገድ ይፈልጋል። የካቡ ጀርባ በትልልቅ ድንጋዮች መካከል ገደል የሞላበት ነው። ማሽኖቹና ገልባጭ መኪናዎቹ እንዲሄዱበት ክፍተቱ በትንንሽ ድንጋይ ይሞላል፣ ይደለደላል፣ መተላለፊያም ይበጅለታል። የኦሪገን ክረምት ሲገባ ሞገዱ በካቡ ላይ እየዘለለ ይህን መንገድ ያጥበዋል፤ በቀጣዩ በጋ ሥራው የሚጀመረው መንገዱን እንደገና ከማበጀት ነው። የሥራው ወቅት አጭር የሆነው፣ ዋጋውም በመቶ ሚሊዮኖች ዶላር የሚቆጠረው በከፊል በዚህ ምክንያት ነው። መንገዱን አንባቢ ልብ ይበልልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ድንጋይ ጥንታዊ ነው፣ ለምን በኮንክሪት አይሠራም የሚል ጥያቄ በተደጋጋሚ ይነሣል። ጥያቄው ክብደት አለው። እዚያው ምዕራብ ዳርቻ ላይ፣ በካሊፎርኒያ የሃምቦልት ባሕረ ሰላጤ ጀቲዎች በ1970ዎቹ መጀመሪያ የተጠገኑት ዶሎስ በተባሉ፣ እያንዳንዳቸው 42 ቶን በሚመዝኑ ባለ ቀንድ የኮንክሪት ቅርጾች ነው። ዶሎስ በደቡብ አፍሪካ ኢስት ለንደን ወደብ የተፈለሰፈ ሲሆን እርስ በርሱ በደንብ ይቆላለፋል፤ ተስማሚ ድንጋይ በሌለበት ቦታም ጥሩ መልስ ነው። ነገር ግን በፖርቱጋል ሳይንሽ ወደብ የተሠራውን ማዕበል መከላከያ መርሳት አይገባም። እርሱም በ42 ቶን ዶሎስ ተሸፍኖ ነበር፤ ገና ግንባታው ሳይጠናቀቅ በየካቲት 1978 በአንድ ማዕበል አብዛኛው ሽፋኑ ፈረሰ። ቀጭን ወገብ ያለው ኮንክሪት ሲነቃነቅ ይሰበራል፤ አንዱ ሲሰበር መቆላለፉ ይፈታል፤ ከዚያ በኋላ የሚያቆመው የለም። የድንጋይ ካብ እንዲህ በአንድ ሌሊት አይከዳም። አንድ ድንጋይ ይንሸራተታል፣ ሌላው ይከተላል፣ ዓመታት ያልፋሉ፤ ለሚመለከተው ሰው ማስጠንቀቂያ ይሰጣል። እኔ ድንጋዩን የምመርጠው ለዚህ ነው። ይህ ጥቅም የሚገኘው ግን የሚመለከት ሰው ካለ ብቻ ነው። በኮሎምቢያ አፍ ላይ ካቡ ለአርባ ዓመት ማስጠንቀቂያውን ሰጥቷል።

እዚህ ላይ የኛው ኮንሶ ትዝ ይለኛል። በ2011 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የኮንሶ እርከን ከአራት መቶ ዓመት በላይ፣ ሃያ አንድ ትውልድ ያህል ቆይቷል የሚባለው ድንጋዩ የተለየ ሆኖ አይደለም። እርከኑን በየጊዜው መጠገን የማኅበረሰቡ ግዴታ ስለሆነ፣ ማን የቱን እንደሚያቃና የታወቀ ስለሆነ ነው። በሥራው ስፋት ሁለቱ አይወዳደሩም፤ የገበሬ እርከን 30 ቶን ድንጋይ አይጠይቅም፣ ውቅያኖስም አይመታውም። ሆኖም ደረቅ ድንጋይ ያለ ማያያዣ ለዘመናት ሊቆም የሚችልበት ምሥጢር በሁለቱም ቦታ አንድ ነው፤ ድንጋዩ ትንሽ ሲናጋ ወዲያው የሚመልሰው ሰው መኖር አለበት። ልዩነቱ በኮንሶ ይህ ግዴታ ከርስቱ ጋር የተያያዘ መሆኑ፣ በአሜሪካ ግን ከሕንፃውም ከተጠቃሚውም ተለይቶ የበጀት ጥያቄ መሆኑ ነው።

የበጀቱ ታሪክ ደግሞ አሳዛኝ ነው። አሜሪካ በ1986 የወደብ ጥገና ፈንድ በሕግ አቋቁማለች። ወደ አገር ከሚገባ ዕቃ ላይ 0.125 በመቶ፣ ማለትም ከመቶ ዶላር 12 ሳንቲም ተኩል ይሰበሰባል፤ ዓላማውም ሰርጦችንና ጀቲዎችን መጠበቅ ነው። ገንዘቡ ተሰበሰበ። ነገር ግን ወጪው በየዓመቱ በኮንግረስ መፈቀድ ስላለበት፣ ያልወጣው ገንዘብም በሒሳብ መዝገብ ላይ የመንግሥትን ጉድለት የሚያሳንስ ስለነበር፣ ለብዙ ዓመታት ከተሰበሰበው ብዙው ሥራ ላይ ሳይውል ቀረ። በ2020 ሕጉ እስኪሻሻል ድረስ በፈንዱ ከ9 ቢሊዮን ዶላር በላይ ተከማችቶ ነበር። ካቦቹ ሲፈርሱ የመጠገኛቸው ገንዘብ በወረቀት ላይ ተቀምጧል ማለት ነው። ስለ ጥገና ሲወራ ብዙውን ጊዜ አቅም የለም የሚለው ምክንያት ይቀድማል፤ እዚህ ግን አቅሙ ተሰብስቦ ነበር። የጎደለው ጥገናን እንደ ውለታ ሳይሆን እንደ ግዴታ የሚያስወጣ ደንብ ነው።

አንድ ጠንካራ ተቃውሞ ከዚሁ ይነሣል። ኮሎምቢያ በዋናነት የሚያስወጣ ወንዝ ነው፤ የአሜሪካ ስንዴ ወደ ዓለም ከሚወጣባቸው በሮች ሁሉ ቀዳሚው ነው። ከባሕር 750 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በአይዳሆ ከሚገኘው ሉዊስተን ሳይቀር እህል በጭነት ጀልባ ተጭኖ ይወርዳል። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደግሞ በ1998 ወደ ውጭ በሚላክ ዕቃ ላይ ይህን ክፍያ መጣል ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብሎ ወስኗል። እንግዲያው ለፈንዱ ትንሽ የሚያዋጣ ወንዝ ለምን በሌሎች ወደቦች ገንዘብ ይጠገናል ይላሉ ተቃዋሚዎች። ክርክሩ ፍትሐዊ ይመስላል፤ ነገር ግን በር ማለት ምን እንደሆነ አያገናዝብም። ጀቲው የሚጠብቀው የአንድ ወደብ ሜዳ አይደለም፤ ከዚያ በላይ ያሉት ወደቦች፣ ግድቦች፣ የእህል ጎተራዎችና የገበሬዎች ማሳ ሁሉ በዚህ በር በኩል ብቻ ነው ከዓለም የሚገናኙት። ከዘጠና በመቶ በላይ ንግዱ በጂቡቲ በሚያልፍ አገር ለሚኖር አንባቢ ይህን ማስረዳት አያስፈልግም። የበር ዋጋ በሩ ላይ በሚሰበሰበው ቀረጥ ብቻ አይለካም።

ሌሎች ደግሞ ካቡን ትተን አሸዋውን በመርከብ እየጠረግን እንኑር ይላሉ። መጥረጉ አሁንም አለ። ኮሩ ከወንዙ አፍ በየዓመቱ ከሁለት ሚሊዮን ሜትር ኩብ በላይ አሸዋ ያወጣል፤ ከሚሠሩት መርከቦች አንዷ ኤሳዮንስ ትባላለች፣ በፈረንሳይኛ እንሞክር ማለት ነው። ነገር ግን ይህ መጠን ካቦቹ ቆመው፣ ወንዙም አብዛኛውን ሥራ በራሱ እየሠራ ያለበት መጠን ነው። ካቡ ሲጎድል ውሃው ይበተናል፤ ሰርጡም ቦታ መቀያየር ይጀምራል። ጠራጊ መርከብ ደግሞ ለዚህ ደፍ እጅግ አስፈላጊ በሆነበት በክረምቱ ወራት፣ ሞገዱ ሲበረታ መሥራት አይችልም። በዚህ ነጥብ ላይ መካከለኛ መንገድ አይታየኝም። የሚታየኝ መልካም ነገር የሚጠረገው አሸዋ ከፊሉ ሆን ተብሎ በካቦቹ አቅራቢያ መፍሰሱ ነው፤ የጠፋውን የካብ ጋሻ በጥቂቱም ቢሆን ይመልሳልና።

ከሁሉም የሚከብደኝ ተቃውሞ የጎረቤት ዳርቻ ጉዳይ ነው። ጀቲ አሸዋን ይይዛል፣ ያግዳል፣ አቅጣጫ ያስለውጣል፤ አንዱ ዳርቻ ሲሰፋ ሌላው ሊራብ ይችላል። በዚያው በኦሪገን፣ በቲላሙክ ባሕረ ሰላጤ የደረሰው የማይካድ ነው። እዚያ በ1917 የተጠናቀቀው የሰሜን ጀቲ ብቻውን ተሠራ፤ መሐንዲሶቹ ሁለት ቢመክሩም የአካባቢው ድርሻ የሚበቃው ለአንድ ብቻ ነበር። በስተደቡብ ባለው ጠባብ የአሸዋ ልሳን ላይ ቤይኦሽን የምትባል የመዝናኛ ከተማ ነበረች። የአሸዋው ዝውውር ሲዛባ ልሳኑ እየሳሳ ሄዶ በ1952 ተበጠሰ፤ ከተማይቱም ቤት በቤት ባሕር ገባች። የቲላሙክ የደቡብ ጀቲ የተሠራው ከዚያ ብዙ ቆይቶ ነው። ይህን ታሪክ ጀቲ ጎጂ ነው ለማለት የሚጠቅሱት ሰዎች ግማሽ እውነት ይዘዋል። ሌላው ግማሽ፣ ጉዳቱን ያከፋው ሥራው በግማሽ መቅረቱና የሚሆነው እየታየ ለአሠርት ዓመታት በዝምታ መታለፉ ነው። ዳርቻው አንዴ ከካቡ ጋር ኖሮ መልኩን ከቀየረ በኋላ፣ ካቡ እንዲፈርስ መተው ወደ ቀድሞው ተፈጥሮ አይመልሰውም። በኮሎምቢያ ደቡብ ካቡ ከየብስ የሚነሣበት የአሸዋ ኮረብታ ቢበጠስ፣ ባሕሩ ከካቡ ጀርባ ዞሮ ወደ ወንዙ ይገባል፤ የሚከተለውን ለመተንበይ የሚደፍር መሐንዲስ አላውቅም።

ታዲያ ሁሉም ይመለስ? አይደለም፤ ኮሩ የወሰደውን ውሳኔ የማደንቀውም እዚህ ነው። ጥገናው ባሕሩ የወሰደውን 1.8 ኪሎ ሜትር መልሶ አይተክልም። ጫፉን አሁን ባለበት አካባቢ በከባድ ድንጋይ አጽንቶ፣ ወገቡን ሞልቶ፣ ግርጌውን ጠብቆ መቆምን ይመርጣል። ሙሉው ርዝመት ይመለስ የሚሉ የመርከብ ሰዎች ሰርጡ ይበልጥ እንደሚረጋ ትክክል ናቸው። ነገር ግን ያ ጫፍ የቆመበት አሸዋ ዛሬ የለም፤ በጠለቀ ውሃ ላይ፣ በበረታ ሞገድ ፊት መልሶ መገንባት ለሚቀጥለው ትውልድ ይበልጥ የሚፈርስ ዕዳ ማውረስ ነው። በሌላው ወገን ባሕሩ እየጨመረ ነው፣ ሁሉም ከንቱ ነው የሚሉ አሉ። የኦሪገን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከ1970ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በዚህ ባሕር ላይ ያለው የክረምት ሞገድ እንዳደገ ከተንሳፋፊ መለኪያዎች አሳይተዋል፤ ሌሎች ደግሞ ከእድገቱ ከፊሉ መለኪያዎቹ በመቀየራቸው የመጣ ነው ብለው ተከራክረዋል። የትኛውም ቢያሸንፍ መልሱ አጭር፣ ወፍራምና በቅርብ የሚጠበቅ ካብ ነው፤ ሞገዱ ካደገ ከባድ ድንጋይ የሚጨመርበት፣ ካላደገም የማይባክን።

ጀቲ ኤ በ2017፣ የሰሜኑም ከዚያ በኋላ ተጠናቀቁ፤ ረጅሙና ከባዱ የደቡቡ ለመጨረሻ ቀረ። አሁን የሚያሳስበኝ ያ በትንንሽ ድንጋይ የተደለደለው መንገድ ነው። አንድ ካብ ታድሶ የመጀመሪያው ክረምት ሲያልፍበት የተወሰኑ ድንጋዮች መናጋታቸው አይቀርም፤ ይህ የሥራ ጉድለት አይደለም፣ ድንጋይ ቦታውን የሚያገኝበት መንገድ ነው። በቀጣዩ በጋ አንድ ኤክስካቫተር ወጥቶ ሃያ ድንጋይ ቢያቃና ወጪው ከጠቅላላው አንጻር ከቁጥር አይገባም፤ መንገዱ ካለ። ተቋራጩ ሲሰናበት መንገዱም እንዲታጠብ ከተተወ ግን እነዚያን ሃያ ድንጋዮች ለመድረስ እንደገና ኪሎ ሜትሮች መደልደል ያስፈልጋል፤ ያን ጊዜ ለሃያ ድንጋይ ሲባል ይህን ያህል አይወጣም ይባላል፣ ሁለት መቶ እስኪሆኑም ይጠበቃል። የአርባ ዓመቱ ዝምታ የተጀመረው በእንዲህ ያለ ምክንያታዊ በሚመስል ስሌት ይመስለኛል። ስለዚህ ከሥራው ውል ጋር መጻፍ የነበረበት፣ ዛሬም ሊጨመር የሚችለው አንድ መስመር ነው፤ ከርክክብ በኋላ ለተወሰኑ ዓመታት መንገዱ በየጸደዩ እንዲታደስ፣ ካቡ ከላይ በድሮን፣ ከሥር በድምፅ መለኪያ እንዲታይ፣ የተናጋው ድንጋይም በዚያው በጋ እንዲመለስ፤ ገንዘቡም ከዚያው ለዚህ ሲባል ከተሰበሰበው ፈንድ ያለ አዲስ ልመና እንዲወጣ።